ትንፋሽ፦ ቃሉና ሥራው

ዐርፎ የተቀመጠ አዋቂ ሰው በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ይተነፍሳል። ዝቅተኛውን ብንይዝ እንኳ በቀን ከ17,000 ጊዜ በላይ መሆኑ ነው። ይህን ያህል አብዝተን የምንሠራው ሥራ ምን እንደሆነ ብንጠየቅ ግን ብዙዎቻችን «አየር ማስገባትና ማስወጣት ነዋ!» ብለን እናልፋለን። ነገ ክፍል ገብተን ለምናስተምር እጩ መምህራን ይህ መልስ አይበቃም።

በመጀመሪያ ቃሉን እንመልከት። ትንፋሽ፣ እስትንፋስ፣ ነፋስ፣ ነፍስና መንፈስ ሥራቸው አንድ ነው፤ ይኸውም «ነፈሰ» የሚለው ግሥ ነው። «ትንፋሽ» የዕለት ተዕለት ቃላችን ሲሆን «እስትንፋስ» ከግዕዝ የመጣ ከበድ ያለ ቃል ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከሕይወት ጋር ተያይዞ ይነገራል። ቃሉ ግን በሰው አካል ብቻ አይወሰንም። ጎማ ይተነፍሳል፤ እህል ይናፈሳል፤ ወሬም ይናፈሳል። ምስጢር ያወጣ ሰው «ተነፈሰ» ሲባል፣ አፉን የያዘው ደግሞ «ትንፍሽ አላለም» ይባላል። ሳያቋርጥ የተናገረው «ባንድ ትንፋሽ ጨረሰው» እንላለን። ከነፍስ ደግሞ «ነፍሰ ጡር»፣ «ነፍስ ያወቀ ልጅ»፣ «ነፍሱን ሳተ» የሚሉት ይገኛሉ። ቋንቋችን ነፋስን፣ ትንፋሽንና ሕይወትን በአንድ ሥር ማሰሩ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ትንፋሽ ሲቆም ሕይወት ይቆማልና።

ታዲያ አየሩ እንዴት ይገባል? የቀጥቃጭን ወናፍ አስታውሱ። ወናፉ ሲከፈት አየር ይገባል፤ ሲጫኑት ይወጣል። ሳምባም ራሱን የሚለጥጥበት ጡንቻ የለውም። ደረትንና ሆድን የሚለየው ድያፍራም የሚባለው ጡንቻ ሲኮማተር ወደ ታች ይወርዳል፤ የጎድን አጥንቶችም ወደ ላይና ወደ ውጭ ይነሣሉ። ደረት ሲሰፋ በውስጡ ያለው ግፊት ስለሚቀንስ የውጭው አየር ይገባል። ድያፍራሙ ሲላላ ደረት ይጠባል፤ አየሩም ይወጣል። እንግዲህ ደረት የሚሰፋው አየር ስለገባበት ሳይሆን፣ አየር የሚገባው ደረት ስለሰፋ ነው። ተማሪዎች በብዛት የሚገለብጡት ይህን ነው።

ለማሳየት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። የፕላስቲክ ጠርሙስ ታችኛውን ክፍል ቁረጡ፤ በአፉ በኩል ፊኛ ወደ ውስጥ አስገብታችሁ ጠርዙን ከጠርሙሱ አፍ ጋር እሰሩ፤ የተቆረጠውን ጎን በተቀደደ ፊኛ ወጥሩት። የተወጠረውን ላስቲክ ወደ ታች ስትስቡት የውስጡ ፊኛ ይነፋል።

የገባው አየር በትንፋሽ ቧንቧ አድርጎ በመቶ ሚሊዮኖች ከሚቆጠሩት የሳምባ የአየር ከረጢቶች ይደርሳል። በስሱ ግድግዳቸው በኩል ኦክሲጅን ወደ ደም ያልፋል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ደግሞ ከደም ይወጣል። ይሁን እንጂ «የምናስወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው» ብሎ ማስተማር ያሳስታል። ከምንስበው አየር 21 በመቶ ያህሉ ኦክሲጅን ሲሆን፣ በምናስወጣውም ውስጥ 16 በመቶ ያህል ይቀራል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ከ4 እስከ 5 በመቶ ቢሆን ነው። ትንፋሹ ለቆመ ሰው ከአፍ ወደ አፍ ትንፋሽ መስጠት የሚረዳውም ለዚህ ነው።

አሁን ትንፋሻችሁን ለጥቂት ጊዜ ያዙ። «ተንፍስ! ተንፍስ!» የሚላችሁ ጭንቀት በዋናነት የሚመጣው ኦክሲጅን ስላነሰ አይደለም፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በደም ውስጥ ስለበዛ ነው። ከአንጎል ግርጌ ያለው የትንፋሽ መቆጣጠሪያ የሚጠብቀው በተለይ ይህን ነው።

ይህ እውቀት ለፈተና ብቻ የሚሆን አይደለም። ክረምት ሲገባ በተከራየነው ጠባብ ክፍል የከሰል ምድጃ አስገብቶ በርና መስኮት መዝጋት የተለመደ ነው። «ጭሱ ካለቀ፣ ፍሙ ከቀላ አይጎዳም» የሚሉ ብዙዎች ናቸው። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። የቀላው ፍምም ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። ይህ ጋዝ ቀለም የለው፣ ሽታ የለው። በደም ውስጥ ኦክሲጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ከኦክሲጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዛል። ሰውየው መተንፈሱን ስላላቋረጠ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ እንደወትሮው ይወጣል፤ ስለዚህ አንጎል «ታፈንክ» ብሎ አይቀሰቅሰውም። እየተነፈሰ፣ ሳይጨነቅ፣ በእንቅልፉ ይሞታል።

ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽና የጉልበት መክዳት ምልክቶቹ ናቸው። አንድ ክፍል ውስጥ ያሉ ሰዎች ባንድ ጊዜ ራሳቸውን ካመማቸው ከሰሉን ጠርጥሩ። ወዲያው በርና መስኮት ከፍታችሁ ሁሉንም ወደ ውጭ አውጡ፤ ወደ ሐኪም ቤትም አድርሱ። ከሁሉ የሚሻለው ግን ከመተኛት በፊት ምድጃውን ከነፍሙ ማውጣት ነው።

ሥርዓተ ትንፈሳን ስታስተምሩ ድያፍራምን በሰሌዳ ላይ ሥሎ ማለፍ ብቻ አይበቃም። ከሰሉንም ጨምሩበት። ነፍስ ያወቀ ተማሪ በክፍል የሰማውን ማታ ለእናቱ ይነግራል፤ በዚያች ማታ ምድጃው ወደ ውጭ ከወጣ ትምህርቱ ሥራውን ሠርቷል።