ከኤዲተር ሳይወጡ ስክሪፕትን ማስኬድና መፈተን

ስክሪፕት ማለት አስቀድሞ ወደ ማሽን ቋንቋ ሳይለወጥ በአስተርጓሚ ፕሮግራም አማካይነት በቀጥታ የሚካሄድ ፕሮግራም ነው። ስክሪፕት መጻፍ የጀመረ ተማሪ ብዙውን ጊዜ በሁለት መስኮቶች መካከል ይመላለሳል። በኤዲተሩ ጽፎ ፋይሉን ካስቀመጠ በኋላ ወደ ተርሚናል ተሻግሮ ያስኬደዋል፤ ስህተት ሲገጥመው የመስመሩን ቁጥር በቃሉ ይዞ ይመለሳል። ምልልሱ ስለሚያሰለቸውም ሃምሳ መስመር እስኪጽፍ ድረስ ሙከራውን ያዘገያል። ያን ጊዜ ስህተቱ በየትኛው መስመር እንዳለ መለየት ይከብዳል። ጥቂት መስመር እየጻፉ ወዲያው መፈተን ግን ፍለጋውን ያጠብባል።

ምልልሱን የሚያስቀሩ ኤዲተሮች ከብዙ ዓመታት ጀምሮ አሉ። ብራም ሞሌናር እ.ኤ.አ. በ1991 ለሕዝብ ባቀረበው ቪም ውስጥ ኮሎን፣ ትእምርተ አንክሮ፣ የአስተርጓሚው ስምና የፐርሰንት ምልክት በተከታታይ ቢጻፉ ስክሪፕቱ ይካሄዳል፤ የፐርሰንት ምልክቱ በመጻፍ ላይ ያለውን ፋይል ስም ይተካል። በኢማክስ ደግሞ «ኮምፓይል» የተባለው ትእዛዝ ውጤቱን በሌላ ክፍል ያሳያል፤ በስህተት መልእክቱ ላይ ቆመን ኢንተር ስንጫን ስህተቱ ወደታየበት መስመር ይወስደናል።

ይህ እንዴት ይሆናል? ኤዲተሩ ራሱ ስክሪፕቱን አያስኬድም። አስተርጓሚውን እንዲያስነሳለት ኦፐሬቲንግ ሲስተሙን ይጠይቃል፤ የስክሪፕቱን ውጤትና የስህተት መልእክቶች ተቀብሎም ያሳያል። ስክሪፕቱ ሲያበቃ አንድ ቁጥር ይመልሳል፦ 0 ከሆነ በሰላም አልቋል፣ ሌላ ቁጥር ከሆነ ችግር ገጥሞታል ማለት ነው።

ከዚህ አሠራር የሚመነጩ ሁለት ነገሮችን ልብ ማለት ይገባል። አንደኛ፣ አስተርጓሚው የሚያነበው በዲስክ የተቀመጠውን ፋይል እንጂ በስክሪን የሚታየውን ጽሑፍ አይደለም። ስለዚህ ሳናስቀምጥ ብናስኬድ የሚሠራው የቀድሞው ቅጂ ነው። ሁለተኛ፣ ስክሪፕቱ የሥራ ፎልደሩን ከኤዲተሩ ይወርሳል። በአጭር ስም የተጠራ የመረጃ ፋይል የሚፈለገው በዚያ ፎልደር ስለሆነ፣ ከኤዲተር ሲካሄድ የተገኘው ፋይል ከተርሚናል ሲካሄድ ላይገኝ ይችላል።

ከሁሉም በላይ ግን 0 ቁጥር ስክሪፕቱ ያለ እክል ማለቁን እንጂ መልሱ ትክክል መሆኑን አያረጋግጥም። አንድ ምሳሌ እንመልከት። አንድ ስክሪፕት የተማሪዎችን ስም ከፋይል አንብቦ፣ ከ20 ፊደል የበለጠውን ቆርጦ ስም ዝርዝር ያዘጋጅ እንበል። ጸሐፊው ግን ፊደልን ሳይሆን ባይትን እንዲቆጥር አድርጎታል። ዩቲኤፍ-8 በተባለው አሠራር እያንዳንዱ የግእዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። «አለማየሁ» 5 ፊደል፣ 15 ባይት ስለሆነ ሳይነካ ያልፋል፤ ሙከራውም የተሳካ ይመስላል። «ወልደገብርኤል» ግን 8 ፊደል፣ 24 ባይት ነው። በ20ኛው ባይት ሲቆረጥ 6 ፊደል ይቀርና ከሰባተኛው ፊደል 2 ባይት ብቻ ይንጠለጠላል። ስክሪፕቱ የተቆረጡትን ባይቶች እንዳሉ ከጻፋቸው ምንም የስህተት መልእክት ሳይሰጥ በ0 ያበቃል፤ የተማሪው ስም ግን በዝርዝሩ ላይ ተበላሽቶ ይቀራል።

መፍትሔው የሚጠበቀውን መልስ አስቀድሞ የያዘ አጭር የመፈተኛ ስክሪፕት መጻፍ ነው። በፓይተን «አሰርት» የተባለው ትእዛዝ እውነት መሆን ያለበትን ነገር ይመረምራል። «ወልደገብርኤል» ሲገባ ሙሉ ስሙ መውጣት አለበት ብለን ብንጽፍ፣ ስሙ ተቆርጦ ሲወጣ ፈተናው ይቋረጣል፤ የሚመለሰውም ቁጥር 1 ይሆናል፤ ኤዲተሩም መስመሩን ያሳየናል። ለፈተናው አጭር ስም፣ ልክ 20 ፊደል የሆነ ስም፣ ከዚያ አንድ ፊደል የሚበልጥ ስምና ባዶ መስመር ቢመረጡ ብዙ ስህተት ይጋለጣል። ይህን ፈተና ለአንድ ቁልፍ መድቦ ከእያንዳንዱ ለውጥ በኋላ መጫን ይቻላል።

ሥራው ተጠናቀቀ ከመባሉ በፊት ግን ስክሪፕቱን ከሌላ ፎልደር፣ አዲስ በተከፈተ ተርሚናል አንድ ጊዜ ማስኬድ ያስፈልጋል። ዝርዝሩን የሚያትመው ባለሙያ የሚጠቀምበት ያለ ጸሐፊው ኤዲተር ነውና።