በጂን ራሚ ዙሩን መቼ መዝጋት ይሻላል?

ጂን ራሚ የሁለት ሰው የካርታ ጨዋታ ነው። በ1909 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ ውስጥ ኤልውድ ቤከር የተባለ የዊስት መምህር ከልጁ ከግራሃም ጋር እንደፈጠረው ይነገራል። በኋላም በሆሊውድ ተዋንያን ዘንድ በጣም ተወደደ።

ለእያንዳንዱ ተጫዋች አሥር ካርታ ይታደላል፤ አንድ ይገለጣል፤ የቀሩት 31 ካርታዎች ተደፍተው ይቀመጣሉ። ተጫዋቹ በተራው አንድ ይስባል፣ አንድ ይጥላል። የሚፈልገው ሦስት ወይም አራት ተመሳሳይ ቁጥሮችን፣ አለዚያም አንድ ምልክት ያላቸው ቢያንስ ሦስት ተከታታይ ካርታዎችን ነው። ከስብስብ ውጭ የቀረውን ትርፍ እንበለው። አስ 1 ነጥብ፣ ጃክ፣ ኩዊንና ኪንግ 10፣ ሌሎቹ በቁጥራቸው ልክ ይቆጠራሉ።

ትርፉ ከ10 ያልበለጠ ተጫዋች ዙሩን መዝጋት ይችላል፤ ግዴታ ግን የለበትም። ከዘጋ ተጋጣሚው የራሱን ትርፍ በዘጊው ስብስቦች ላይ እየቀጠለ ይቀንሳል። ከዚያ በኋላ የሁለቱ ልዩነት ለዘጊው ይያዝለታል። የተጋጣሚው ትርፍ እኩል ወይም ያነሰ ሆኖ ከተገኘ ግን ልዩነቱን የሚወስደው እሱ ነው፤ በተለመደው ሕግ 25 ነጥብም ይጨመርለታል።

አንድ እጅ እንመልከት። ሦስት 9 እና የስፔድ 3፣ 4፣ 5፣ 6 አለዎት፤ ትርፍዎ 6፣ 2 እና አስ፣ በድምሩ 9 ነው። ጨዋታው ገና በአራተኛው ስበት ላይ ነው እንበል። ተጋጣሚዎ ኪንግ፣ ኩዊን፣ 4 እና የስፔድ 7 በትርፍ ይዟል። ሲዘጉ 7ቱን በስፔዶችዎ ላይ ይቀጥላል፤ 24 ይቀርበታል፤ እርስዎ 15 ነጥብ ያገኛሉ። ጥቂት ተራ ቢቆዩስ? ኪንግና ኩዊን ተጥለው በምትካቸው አስና 2 ገብተዋል። አሁን 7ቱን ሲቀጥል የሚቀርበት 7 ብቻ ነው። ያው 9 ትርፍ 27 ነጥብ ያስከፍልዎታል።

ስለዚህ መጀመሪያዎቹ ተራዎች ላይ 9ም 10ም ቢሆን መዝጋት ይበጃል፤ ትላልቆቹ ካርታዎች ገና በተጋጣሚው እጅ ናቸውና። እሱ 3 እና 4 መጣል ሲጀምር ግን እጁ ቀሏል ማለት ነው። ያኔ ትርፍዎ 2 ወይም 3 ካልሆነ ጂንን፣ ማለትም አሥሩንም ካርታ ያለ ትርፍ ማሰባሰብን፣ መጠበቅ ይሻላል። በጂን ላይ ተጋጣሚው ምንም መቀጠል አይችልም፤ በእኩል ትርፍም አይረታዎትም። ማንም ሳይዘጋ ከተደፉት ሁለት ካርታ ብቻ ከቀሩ ዙሩ ያለ ነጥብ ይፈርሳል።