የሕዋስ ደጃፍ፦ ጨውና ስኳር ሕይወት የሚያድኑት እንዴት ነው?

በየአጥቢያው ስለ ውኃና ንጽሕና ስንወያይ ሁለት ነገሮችን ደጋግመን እንሰማለን። አንደኛው «ተቅማጥ የያዘውን ሰው ውኃ ማጠጣት ሕመሙን ያብስበታል» የሚል ምክር ሲሆን፣ ሁለተኛው «ጨውና ስኳር በውኃ ተበጥብጦ እንዴት መድኃኒት ይሆናል?» የሚል ጥያቄ ነው። ምክሩ ለሞት የሚያደርስ ስሕተት ነው፤ ጥያቄው ግን መልስ ይገባዋል። መልሱም የሚገኘው በዓይን በማይታየው የሰውነታችን ክፍል፣ በሕዋስ ዘንድ ነው።

ሊቃውንቶቻችን ሥነ ፍጥረትን ሲያስተምሩ የሰው ሥጋ ከአራቱ ባሕርያት፣ ማለትም ከነፋስ፣ ከእሳት፣ ከውኃና ከመሬት መፈጠሩን ይነግሩናል። የሕይወት ሳይንስ ደግሞ ይህንኑ ሥጋ በአጉሊ መነጽር ተመልክቶ፣ ሕዋስ ከተባሉ እጅግ ጥቃቅን ክፍሎች የተገነባ መሆኑን ያስረዳል። በአንድ ጎልማሳ ሰውነት ውስጥ ከ30 ትሪሊዮን በላይ ሕዋሳት እንዳሉ ይገመታል። ከሰውነቱ ክብደት ከመቶ 60 ያህሉ ውኃ ሲሆን፣ የዚህም ውኃ ሁለት ሦስተኛ የሚሆነው በሕዋሳቱ ውስጥ ይገኛል።

እያንዳንዱን ሕዋስ እንደ አጥር የሚከብበው ስስ ሽፋን አለ። ሽፋኑ በአብዛኛው ከቅባት የተሠራ ስለሆነ በውኃ የሟሙ ጨውና ስኳር እንዲሁ አልፈውት ሊገቡ አይችሉም። የሚገቡትና የሚወጡት በሽፋኑ ላይ ባሉት፣ ከፕሮቲን በተሠሩ በሮች ነው፤ እያንዳንዱም በር የሚያሳልፈው ተለይቶ የታወቀ ነው። ውኃ ደግሞ የሟሟ ጨው ወይም ስኳር ወደ በዛበት ወገን ይሳባል። ይህ ሥርዓት ኦስሞሲስ ይባላል። በጾም ቀን ቲማቲምና ሽንኩርት ከትፈን ጨው ነስንሰንበት ጥቂት ብንቆይ ከሳሕኑ ሥር ውኃ የሚያቋጥረው በዚሁ ምክንያት ነው።

የኮሌራ ባክቴሪያ በትንሹ አንጀት ሕዋሳት ላይ ተጣብቆ መርዝ ያመነጫል። መርዙ ጨው ወደ አንጀት የሚወጣባቸው በሮች እንደ ተከፈቱ እንዲቀሩ ያደርጋል። ጨው ሲፈስስ ውኃም ይከተለዋል። በጽኑ የታመመ ጎልማሳ በአንድ ሰዓት እስከ አንድ ሊትር ፈሳሽ ሊያጣ፣ ካልተተካለትም በሰዓታት ውስጥ ሊሞት ይችላል። እንግዲህ ገዳዩ የፈሳሹ መጉደል ከሆነ፣ ውኃ መከልከል በሽታውን ማገዝ ነው ማለት ነው።

ሆኖም መርዙ የማይዘጋው አንድ በር አለ። ይህ በር በጨው ውስጥ የሚገኘውን ሶዲየምንና ከስኳር የሚገኘውን ግሉኮስን አንድ ላይ ተያይዘው ሲመጡ የሚያስገባ ነው። ሁለቱ ሲገቡ ውኃ ተከትሏቸው ይገባል፤ ከዚያም ወደ ደም ያልፋል። ሮበርት ክሬን የተባለው የባዮኬሚስትሪ ሊቅ ይህን አሠራር በ1952 ዓ.ም. ለሳይንስ ጉባኤ አቀረበ። ተራ ውኃ ብቻውን፣ ወይም ጨው ብቻውን በቂ የማይሆነው ስለዚህ ነው።

የዚህ ዕውቀት ፍሬ በ1963 ዓ.ም. ታየ። ከባንግላዴሽ ጦርነት ሸሽተው ወደ ሕንድ በገቡ ስደተኞች መካከል ኮሌራ ሲስፋፋ፣ በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ አለቀ። ዶክተር ዲሊፕ ማሃላናቢስ ጨውና ግሉኮስ በውኃ አስበጥብጠው፣ የታማሚዎቹ ቤተሰቦች በኩባያ እየቀዱ እንዲያጠጡ አደረጉ። ከመቶ ታማሚዎች 30 ያህሉ ይሞቱ የነበረው ቁጥር ከ4 በታች ወረደ። አጠጪዎቹ እናቶች፣ አባቶችና ወንድሞች እንደ ነበሩ ልብ እንበል።

ከዚህ በመነሣት ለሰበካ ጉባኤያትና ለካህናት የሚከተለውን እናሳስባለን። በጤና ኬላና በመድኃኒት ቤት የሚገኘው ሕይወት አድን ንጥር (ኦ.አር.ኤስ) ከሁሉ ይመረጣል። በፓኬቱ ላይ በተጻፈው የውኃ መጠን ልክ፣ ፈልቶ በቀዘቀዘ ንጹሕ ውኃ ይበጥበጥ፤ 24 ሰዓት ያለፈው ይደፋ። ንጥሩ እስኪገኝ ድረስ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ስድስት ያልተቆለለ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጦ መስጠት ይቻላል። «ይበርታለት» ብሎ ጨው ወይም ስኳር መጨመር ግን አደገኛ ነው፤ በኦስሞሲስ ሥርዓት ውኃው ከሰውነት ወደ አንጀት ተመልሶ ይሳባልና። ሕመምተኛው ቢያስታውክ ጥቂት ቆይቶ በማንኪያ ቀስ እያሉ መቀጠል ይገባል፤ የሚጠባ ሕፃንም ጡት አይከልከል። ዓይኑ የጎደጎደ፣ የደከመ ወይም መጠጣት ያቃተው ሰው ሳይዘገይ ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ፤ በመንገድም መጠጣት ከቻለ ይጠጣ።

ንግሥ በሚከበርባቸውና ምእመናን ለጠበል በሚሰበሰቡባቸው ቦታዎች መጸዳጃው ከምንጩ ርቆ ከታች በኩል እንዲሠራ፣ የእጅ መታጠቢያና ሳሙና እንዲኖር፣ ጥቂት የንጥር ፓኬቶችም በአጥቢያው እጅ እንዲቀመጡ ኮሚቴዎች አስቀድመው ያስቡበት።

ከሁሉ በላይ የካህኑ ቃል ያስፈልጋል። ቤተ ክርስቲያናችን ሕሙማንን በጾም አታስጨንቅም። ይሁን እንጂ በሱባኤ ወይም በጾም ላይ ያሉ ብዙ ምእመናን፣ አንጀታቸው እየፈሰሰ እንኳ የንስሐ አባታቸው ሳይፈቅዱላቸው ከንፈራቸውን አያርሱም። በሕዋሱ ላይ ያለው በር በበሽታው ጊዜም ክፍት ነው፤ የታማሚውን አፍ የሚያስከፍተው ግን «ልጄ፣ ጠጣ» የሚለው የአባት ቃል ነው። ያ ቃል በጊዜው እንዲነገር አደራ እንላለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።