ያውቁ ኖሯል? ጠፈር ላይ ባክቴሪያ የሚመገበው እጀታ በማዞር ነው

ጠፈር ላይ ፈሳሽ ከብልቃጥ ወደ ብልቃጥ አይገለበጥም፤ ድቡልቡል ሠርቶ ይንሳፈፋል። ታዲያ ባክቴሪያ እንዴት ይመገባል? በአሜሪካ ኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ በ1987 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የባዮሰርቭ ማዕከል መፍትሔ የሐኪም መርፌ የሚመስል የመስታወት ቱቦ ነው። ውስጡ ያሉትን ፈሳሾች የላስቲክ ውታፎች ይለያዩአቸዋል። ብልሃቱ ያለው ግን ቱቦው ጎን ላይ ባለችው ትንሽ እብጠት ላይ ነው፦ ውታፉ ተገፍቶ እዚያ ሲደርስ ከኋላው ያለው ፈሳሽ በጎን ሾልኮ ከፊተኛው ጋር ይቀላቀላል። የመጀመሪያው ግፊት ባክቴሪያውን ከምግቡ ጋር አገናኝቶ ሙከራውን ያስጀምራል፤ ቀጣዩ ሕዋሳቱን ባሉበት ያስቆማቸዋል። ስምንት ቱቦዎች አንድ ማቀፊያ ውስጥ ይገባሉ። ጠፈርተኛው፣ ያን ሁሉ ሥልጠና አልፎ፣ እዚህ ላይ ሥራው ውታፎቹን ለመግፋት እንደ ቡና ወፍጮ እጀታ ማዞር ነው።