2,147,483,647፦ አንድ ብቸኛ ቁጥርና ማረጋገጫው

31 ሁለቶች እርስ በርስ ተባዝተው ከውጤቱ አንድ ሲቀነስ የሚገኘው 2,147,483,647 ብቸኛ ቁጥር ነው፤ ይኸውም ከአንድና ከራሱ በቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍለው ሙሉ ቁጥር የለም ማለት ነው። በዚህ ስልት የሚገኙ ብቸኛ ቁጥሮች የመርሴን ቁጥሮች የተባሉት በፈረንሳዊው መነኩሴ በማረን መርሴን ስም ሲሆን፣ መርሴን እ.ኤ.አ. በ1644 ባወጣው ዝርዝር ውስጥ ኋላ ስሕተት ሆነው የተገኙ ቢኖሩም ስለዚህኛው የተናገረው ትክክል ነበር። ማረጋገጫው ግን ከመቶ ዓመት በላይ ዘግይቷል።

አንድን ቁጥር ብቸኛ መሆኑን ለመፈተን ቀጥተኛው መንገድ በሚያንሱት ብቸኛ ቁጥሮች እያካፈሉ መሞከር ነው። ከሁለት ተባዢዎች አንዱ ከሌላው ስለማይበልጥ ሙከራው 46,340 ላይ ቢያበቃ በቂ ነው፤ 46,341 በራሱ ሲባዛ ከቁጥሩ ይበልጣልና። እስከዚያ ያሉት ብቸኛ ቁጥሮች ግን ከ4,700 በላይ ናቸው።

ይህን ድካም ያሳጠረው የሒሳብ ሊቁ ሊዮናርድ ኦይለር ነው፤ በሴንት ፒተርስበርግ ሳለ፣ የዓይኑ ብርሃን ከሞላ ጎደል በጠፋበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1772 ለሌላው የሒሳብ ሊቅ ለቤርኑሊ በላከው ደብዳቤ ውጤቱን ገልጿል። ቁጥሩን የሚያካፍል አንድ ብቸኛ ቁጥር አለ ቢባል፣ 2፣ 4፣ 8፣ 16 እያሉ እጥፍ እያደረጉ ለዚያ አካፋይ ሲያካፍሉ የሚተርፉት ቀሪዎች በየ31 እርምጃው ይደገማሉ፤ የሒሳብ ሊቁ ፈርማ ባገኘው ሕግ መሠረት ደግሞ ይህ የድግግሞሽ ርዝመት ከአካፋዩ በአንድ የሚያንሰውን ቁጥር ያለ ቀሪ ማካፈል ስላለበት፣ አካፋዩ ለ31 ሲካፈል 1 ይተርፈዋል። በተጨማሪም የ32 ሁለቶች ብዜት ለአካፋዩ ሲካፈል ቀሪው 2 ይሆናል፤ ያ ብዜት የ16 ሁለቶች ብዜት በራሱ ተባዝቶ የሚገኝ ካሬ በመሆኑ 2 የካሬ ቀሪ ሆነ ማለት ነው፤ ይህም የሚሆነው ለ8 ሲካፈሉ 1 ወይም 7 ለሚተርፋቸው ብቸኛ አካፋዮች ብቻ ነው። ሁለቱ ገደቦች ሲጣመሩ አካፋዩ ለ248 ሲካፈል 1 ወይም 63 እንዲተርፈው ግድ ይላሉ። እስከ 46,340 ካሉት ይህን የሚያሟሉት 84 ብቸኛ ቁጥሮች ብቻ ሲሆኑ፣ አንዳቸውም ቁጥሩን እኩል አያካፍሉትም። ሺህዎቹን ሙከራዎች ወደ 84 ያወረደው የአካፋዩን ጠባይ አስቀድሞ መመርመር ነውና፣ ሥራው በቁጥር ጥናት ታሪክ ከፍ ያለ ስፍራ ይገባዋል።

ይኸው ቁጥር በ30 ሁለቶች ብዜት ሲባዛ 2,305,843,008,139,952,128 የተባለውን ፍጹም ቁጥር ይሰጣል፤ ፍጹም የሚባለው እንደ 6 ከራሱ በቀር ያሉት አካፋዮቹ (1፣ 2ና 3) ሲደመሩ ራሱን የሚሰጥ ቁጥር ነው።

በኮምፒውተር ደግሞ ከ32 ቢቶች አንዱ ለምልክት ሲያዝ በቀሩት 31 ሊጻፍ የሚችለው ትልቁ ቁጥር ይኸው ነው። ብዙ ሥርዓቶች ጊዜን ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 ጀምሮ በሰከንድ ስለሚቆጥሩ፣ ቆጠራው በኢትዮጵያ አቆጣጠር በጥምቀት ዕለት፣ ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም.፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ ላይ እዚህ ቁጥር ይደርሳል፤ በቀጣዩ ሰከንድ ያልታደሰ መሣሪያ ወደ አሉታዊ ቁጥር ዞሮ ቀኑን እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 1901 አድርጎ ያነበዋል። ስለዚህም አዳዲስ ሥርዓቶች ጊዜን በ64 ቢት ወደ መቁጠር የተሸጋገሩ ሲሆን፣ በ32 ቢት የቀሩት ከዚያ ቀን በፊት መታደስ ይኖርባቸዋል።