ለቮልስ ካርቡራቶር የሚበቃው ግፊት

የአሮጌ ቮልስ የፊት ጎማ ከአብዛኞቹ መኪኖች ያነሰ አየር ይበቃዋል፤ በቀድሞው የፋብሪካ መመሪያ 16 ፒ.ኤስ.አይ ገደማ። ፒ.ኤስ.አይ በአንድ ኢንች ካሬ ላይ የሚያርፍ ግፊት በፓውንድ ሲለካ ነው፤ ጎማ ያስነፋ ሁሉ ያውቀዋል። ከኋላ ሞተሩ ላይ የተቀመጠው ካርቡራቶር ደግሞ ከዚያ በጣም ያነሰ ይፈልጋል። ቤንዚኑ በ3 ፒ.ኤስ.አይ፣ ማለትም በ0.2 ባር ገደማ ከመጣለት ጠግቧል። ወደ 5 ሲጠጋ ብዙ ጊዜ መትፋት ይጀምራል። በዚህች ጠባብ ልዩነት ውስጥ ሞተር ይታፈናል፣ ዘይት ይቀጥናል፣ አንዳንዴም መኪና ይቃጠላል።

ይህ የግፊት ጥያቄ ከሚነሣባቸው ቦታዎች አንዷ ብሩክሊን ፓርክ፣ በአሜሪካ ሚኒሶታ ከሚኒያፖሊስ በስተ ሰሜን ምዕራብ፣ በሚሲሲፒ ወንዝ ምዕራባዊ ዳርቻ የምትገኝ ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በ2020 በተደረገው ቆጠራ ከ86 ሺህ በላይ ሰው ይኖርባት ነበር፤ ከአፍሪካ የመጣውም ነዋሪ ብዙ ነው። ክረምቱ የሙቀት መለኪያውን ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲያወርደው ማንም አይደነቅም። መንገዱ ላይ ለበረዶ የሚነሰነሰው ጨው የመኪና ሆድ ይበላል። ስለዚህ በዚያ አገር አሮጌ መኪና ያለው ሰው ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ድረስ ጋራዥ ውስጥ ይቆልፋታል። በጸደይ ሲከፍተው የመጀመሪያው እንግዳ የቤንዚን ሽታ ከሆነ የግፊት ጥያቄ ተነሣ ማለት ነው።

በአየር የሚቀዘቅዘው የቮልስ ሞተር ለእንዲህ ያለ አገር ተስማሚ ነበር። ራዲያተር የለውም፤ በረዶ ሆኖ የሚፈነዳ ውሃ የለውም። ያው ባሕርይ በሌላው ጫፍ፣ ዳገትና ሙቀት በሚበዛበት በኢትዮጵያም ጠቀመ። ቮልስ አዲስ አበባ ውስጥ ዛሬም ስትዞር ትታያለች፤ ያገለገሏት መካኒኮች የሠሩበት ቋንቋም የራሱ ታሪክ አለው። መኪናዋ የጀርመን ናት፤ ካንዴላው፣ ጓርኒሲዮኑ፣ ካቻቢቴው ከጣልያንኛ የመጡ ቃላት ናቸው። ሥራውን ያስተማረው ደግሞ ከጌታው ጎን ቆሞ መፍቻ ያቀበለ ልጅ የነበረው መካኒክ ነው። በብሩክሊን ፓርክ የሚኖር አበሻ ቮልስ ገዝቶ መመሪያዋን ሲያነብብ ያደገበትን ጋራዥ ቃላት በእንግሊዝኛው መካከል መፈለጉ አይቀርም።

የጥንቷ ቮልስ የቤንዚን ፓምፕ የሚሠራው በሞተሩ ጉልበት ነው። ዲስትሪቢዩተሩን የሚያዞረው ዘንግ ላይ ጎበጥ ያለ ቦታ አለ። ዘንጉ በዞረ ቁጥር ይህ ጉብታ አንዲት ቀጭን ዘንግ ወደ ላይ ይገፋል፤ ዘንጓም የፓምፑን እጅ ትነካለች። እጁ በፓምፑ ሆድ ያለውን ሽፋን ወደ ታች ሲስበው ቤንዚን ከፊት ከተቀመጠው ሳልባትዮ ይመጣል። ቤንዚኑን ወደ ካርቡራቶር የሚገፋው ግን ዘንጓ አይደለችም፤ ከሽፋኑ ሥር የታመቀው ስፕሪንግ ነው። የግፊቱ ምስጢር ሁሉ እዚህ አለ። ስፕሪንጉ ብዙ ከታመቀ ብዙ ይገፋል፣ ጥቂት ከታመቀ ጥቂት። መጠኑን የሚወስነው ዘንጓ ከሞተሩ አፍ ስንት ሚሊ ሜትር ብቅ ማለቷ ነው።

በካርቡራቶሩ በኩል የሚቀበለው በር ደግሞ እጅግ ለስላሳ ነው። በቮልሷ የሶሌክስ ካርቡራቶር ውስጥ ተንሳፋፊ አለ፤ የቤንዚኑ ከፍታ ሲሞላ ተንሳፋፊው ተነሥቶ አንዲትን መርፌ ቀዳዳዋ ላይ ይጫናታል። መርፌዋን የሚይዛት ቤንዚን ላይ የሚንሳፈፍ ቀላል ዕቃ ብቻ ነው። ፓምፑ ከተንሳፋፊው ጉልበት በላይ ከገፋ መርፌዋ ትሸነፋለች። ቤንዚን ይፈስሳል፣ ሚኒሞው ይንቀጠቀጣል፣ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ሞተሩ ሲሞቅ ከጠፋ በኋላ አልነሣም ይላል። ብዙ ባለንብረት በዚህ ጊዜ የሚያሳድደው ዲስትሪቢዩተሩን ነው። አንዳንዱም ካርቡራቶሩን ይጥልና አዲስ ይገዛል፤ አዲሱም በሳምንቱ ያንኑ ያደርጋል።

ይህ ችግር ዛሬ ከጥንቱ ይልቅ የበዛበት ምክንያት አለው። በቀድሞ ጊዜ ከፋብሪካ የወጣው ፓምፕና ዘንግ አብረው የተለኩ ነበሩ። ዛሬ በገበያ ያለው ምትክ ፓምፕ ከብዙ አምራች የሚመጣ ነው፤ የስፕሪንጉ ጥንካሬም ይለያያል። በዚያ ላይ ሁለት ዓይነት ዘንግ አለ። ዲናሞ ባላቸው ሞተሮች ላይ 108 ሚሊ ሜትር፣ ኋላ ላይ አልተርኔተር በመጣባቸው ደግሞ 100 ሚሊ ሜትር። ለአጭሩ ዘንግ የተሠራ ፓምፕ ገብቶ ረጅሙ ዘንግ ከቀረ 8 ሚሊ ሜትር ትርፍ ግፊያ ይፈጠራል፤ ያ ለዚህ ዕቃ ትንሽ አይደለም። ግፊቱ ይጨምራል፣ ሲብስም የፓምፑ እጅ ይሰበራል ወይም ሽፋኑ ይቀደዳል። የተቀደደ ሽፋን ቤንዚኑን ቁልቁል ወደ ሞተር ዘይቱ ይልከዋል። የዘይት መለኪያውን በትር አውጥቶ ማሽተት የማንኛውም ባለ ቮልስ ልማድ መሆን ያለበት ለዚህ ነው፤ ዘይቱ ሳይጨመርበት ከፍ ካለና ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተ ሞተሩ ጨርሶ መነሣት የለበትም።

አለካኩ ቀላል ነው። ፓምፑን የያዙት ሁለት ዳዶዎች በ13 ቁጥር መፍቻ ይፈታሉ። ሳልባትዮው ሙሉ ከሆነ ከፓምፑ ከፍ ስለሚል ቤንዚኑ በራሱ ይወርዳል፤ የቤንዚን ቱቦው ጎማ አስቀድሞ መቆንጠጥ አለበት። ከዚያ ሞተሩ በእጅ በፑሌው ይዞራል፤ ዘንጓ እስከ መጨረሻዋ ከፍታ ስትደርስ ጓርኒሲዮኑ ካለበት ገጽ በላይ 13 ሚሊ ሜትር ያህል መታየት አለባት። ከዚያ ከበለጠች ከመካከለኛው መቀመጫ ሥር አንድ ጓርኒሲዮን ይጨመራል፤ ካነሰች ይቀነሳል። ጓርኒሲዮን ሲጨመር ፓምፑ ከዘንጓ ይርቃል፣ ስፕሪንጉ ያነሰ ይታመቃል፣ ግፊቱ ይወርዳል። አንድ ተራ ወረቀት የመሰለ ነገር የሞተርን ጠባይ መቀየሩ ይህን ሥራ ከሚያስወድዱት ነገሮች አንዱ ነው። መቀመጫው ሳይገባ ዘንጓን ብቻዋን መክተት ግን አይገባም፤ ተንሸራታ ሞተሩ ሆድ ውስጥ ልትገባ ትችላለች።

የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው መለኪያው ነው። በፓምፑና በካርቡራቶሩ መካከል ባለ ሦስት አፍ ማገናኛ ይገባል፤ ከ0 እስከ 15 ፒ.ኤስ.አይ የሚያነብብ መለኪያ ይሰካበታል። የጎማ መለኪያ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ታችኛው የቁጥሩ ክፍል ላይ ትክክለኛነቱ ደካማ ነው። ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ ግፊቱ ይነበባል፤ ከዚያም ወደ 3,500 ዙር ከፍ ተደርጎ እንደገና። በ2 እና በ3.5 መካከል ያለ ንባብ ለ30 ፒክትም ለ34 ፒክትም የሶሌክስ ካርቡራቶር የሚስማማ ነው። ሁለት ትልልቅ የዌበር ካርቡራቶሮች ያስገጠመ ሰውም ከ3.5 ማለፍ አይኖርበትም፤ ትልቅ ካርቡራቶር የሚፈልገው የቤንዚን ብዛት እንጂ የግፊት ብዛት አይደለም። ሁለቱን ማምታታት በመስኩ ካሉት ስሕተቶች ሁሉ ሰፊው ሳይሆን አይቀርም።

ሌላው ወጥመድ አሜሪካ ውስጥ ይበዛል። ቮልስዋገን እ.ኤ.አ. በ1975 ለአሜሪካ ገበያ የላካትን ቮልስ ካርቡራቶሯን አውልቆ የቤንዚን መርጫ አደረገላት። የመርጫው ኤሌክትሪክ ፓምፕ የሚገፋው ወደ 30 ፒ.ኤስ.አይ በሚጠጋ ጉልበት ነው። እንዲህ ያለችውን መኪና ገዝቶ ወደ ካርቡራቶር የሚመልስ ሰው ያንን ፓምፕ ሳይነቅል ከቀረ ሶሌክሱ ከሚችለው ዐሥር እጥፍ ይወርድበታል። ለካርቡራቶር ተብሎ የተሠራ ኤሌክትሪክ ፓምፕም ቢሆን የራሱ ሥርዓት አለው። ከመሳብ መግፋት ስለሚቀለው ቦታው ከፊት፣ ከሳልባትዮው ሥር ነው። ሞተር ሲጠፋ ሜካኒካሉ ፓምፕ አብሮ ይቆማል፤ ኤሌክትሪኩ ግን ቁልፉ እስካልተዘጋ ድረስ መግፋቱን ይቀጥላል። ስለዚህ የዘይት ግፊት ሲወርድ ወይም መኪና ሲጋጭ የሚያቋርጠው ማብሪያ ማጥፊያ ግድ ያስፈልገዋል።

በአየር የሚቀዘቅዘው ቤተሰብ ቮልስ ብቻ አይደለም። ሼቭሮሌት ከ1960 እስከ 1969 እ.ኤ.አ. የሠራት ኮርቬር፣ ፖርሽ 356፣ ሲትሮይን 2ሲቪ፣ ትንሿ ፊያት 500 ሁሉም በዚሁ መንገድ የሄዱ ናቸው። የእያንዳንዱ ቁጥር ይለያያል፤ ልኩ የሚነበበው ከራሱ መመሪያ ነው።

ከፍታ ሲመጣ ነገሩ ደስ የሚል መልክ ይይዛል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ብሩክሊን ፓርክ ከ300 ሜትር በታች። በአዲስ አበባ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ በመሆኑ 34 የፈረስ ጉልበት ያላት ባለ 1200 ቮልስ ከጉልበቷ ሩቡን ያህል ታጣለች። ካርቡራቶሯ ቤንዚን የሚያወጣበት ቀዳዳ ግን አይጠብብም፤ ስለዚህ ድብልቁ ከዐሥር እጅ አንድ እጅ በላይ ቤንዚን ይበዛበታል። ጥቁር ጭስ ያየ መካኒክ ፓምፑን ለመቀነስ ይፈተናል። ነገር ግን መለኪያው የሚያነብበው ከአካባቢው አየር ያለውን ልዩነት ነው፤ 3 ፒ.ኤስ.አይ በእንጦጦም በሚኒሶታም 3 ነው። መድኃኒቱ አነስ ያለ ዋና የቤንዚን ቀዳዳ እንጂ የደከመ ፓምፕ አይደለም።

ከፍታ በፓምፑ ላይ የሚያመጣው ችግር በመሳቢያው በኩል ነው። ቤንዚን በሳሳ አየር ቶሎ ይፈላል። ከፊት እስከ ኋላ በረጅም ቱቦ የሚሳብ ቤንዚን በሞቃት ቀን ዳገት ላይ እንፋሎት ከሆነ ፓምፑ አረፋ ይጨብጣል፣ መኪናዋም ትቆማለች። በሚኒሶታ ተመሳሳዩ ነገር በጸደይ ይከሰታል። የክረምት ቤንዚን በብርድ እንዲነሣ ተብሎ ቶሎ የሚተን ሆኖ ስለሚዘጋጅ፣ የመጀመሪያው ሞቃት ቀን ሲመጣ ሳልባትዮ ውስጥ የቀረው ያስቸግራል።

የቤንዚኑ ዓይነትም አለ። ኢትዮጵያ በ2001 ዓ.ም. በፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ከሚመረተው ኢታኖል 5 በመቶ በአዲስ አበባ ቤንዚን ውስጥ መቀላቀል ጀምራ፣ ኋላም ወደ 10 በመቶ አሳድጋው ነበር። በሚኒሶታ 10 በመቶ ኢታኖል የተለመደ ነው፤ ሕጉ ግን ለአሮጌ ስብስብ መኪኖች፣ ለጀልባና ለትንንሽ ሞተሮች ኢታኖል የሌለበት ቤንዚን እንዲሸጥ ይፈቅዳል። ብዙ ማደያ ላይ ባለ 91 ኦክቴን ሆኖ ለብቻው ቆሞ ይታያል። ለቮልስ ባለቤት ይህ ትልቅ ጸጋ ነው፤ ኢታኖል ለእርሱ ያልተሠራውን የድሮ ጎማ ያለሰልሳል፣ የፓምፑን ሽፋን ያደክማል፣ ክረምቱን ሙሉ በቆመ መኪና ውስጥም እርጥበት ይስባል። 15 በመቶ ያለበት ደግሞ በአሜሪካ ከ2001 እ.ኤ.አ. ሞዴል ወዲህ ላሉ መኪኖች ብቻ የተፈቀደ ነው።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ወደ አንድ ቦታ ያመራል። የቮልስ ፓምፕ የተቀመጠው ብልጭታ ከሚፈጥረው ዲስትሪቢዩተር አጠገብ ነው። በካርቡራቶሩ አንገት ላይ በግፊት ብቻ የገባች የነሐስ ቱቦ አለች፤ በዕድሜ ብዛት ትላላለች። ከመጠን ያለፈ ግፊት ላይ ያረጀ ጎማ ሲጨመር ቤንዚኑ ትኩስ ሞተር ላይ ይወርዳል፤ የሞተሩ አካልም ማግኒዥየም ያለበት ስለሆነ አንዴ ከተያያዘ በውሃ አይጠፋም። በፓምፑና በካርቡራቶሩ መካከል ተንጠልጥሎ የሚታየው ፕላስቲክ ማጣሪያም ከዚያ ተነሥቶ ወደ ፊት፣ ከሳልባትዮው ሥር ቢሄድ ይሻላል።

በብሩክሊን ፓርክ ጋራዥ ውስጥ ሥራው በተዘጋ በር አይጀመርም፤ የቤንዚን እንፋሎት ከአየር ስለሚከብድ ወለሉ ላይ ይተኛል፣ ብዙ ቤት ደግሞ ጋራዡ ውስጥ በጋዝ የሚሠራ የውሃ ማሞቂያ አለው። በሩ ይከፈታል፣ ማሞቂያው ይጠፋል፣ የእሳት ማጥፊያው ከእጅ አይርቅም። የቤንዚን ቱቦው ጎማ በአዲስ ይተካል፣ ፋሼታው ይጠብቃል፣ ንባቡ ይወሰዳል፣ መለኪያው ይወጣል። በማግስቱ ጠዋት ሞተሩ ከመነሣቱ በፊት ከካርቡራቶሩ ሥር በነጭ ጨርቅ ይታበሳል። ጨርቁ ቤንዚን ከሸተተ መለኪያው እንደገና ይገባል።