የምጣዱ ሒሳብ

በ1950 ዓ.ም. ገደማ በአምቦ እርሻ ኮሌጅ ግቢ አንድ የእበት ማብላያ ጉድጓድ ተሠራ። ከጉድጓዱ የሚወጣው ጋዝ የተፈለገው ለወጥም ለመብራትም አልነበረም፤ የእርሻ መሣሪያ ለመበየድ ነበር። የኢትዮጵያ የባዮጋዝ ታሪክ ሲነገር ከዚህ ይጀምራል። አገሪቱ በአማራጭ ነዳጅ ያደረገችው የመጀመሪያው ሙከራ የተወለደው ትምህርት ቤት ውስጥ ነው ማለት ነው።

ከዚያ ወዲህ ግን ነገሩ የሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶች፣ የለጋሾችና የባለሀብቶች ጉዳይ ሆኖ ቆየ። ኤታኖል መጣ፤ ጃትሮፋ የተባለው የዘይት ተክል መጥቶ ሄደ፤ ባዮጋዝ በብሔራዊ ፕሮግራም ታቀፈ፤ አሁን ደግሞ የኤሌክትሪክ መኪና ጊዜ ነው። የትምህርት መጻሕፍቱ ታዳሽ ኃይልን አይዘሉትም፤ ፀሐይ፣ ነፋስ፣ ውኃ፣ እንፋሎት፣ ባዮጋዝ እያሉ ይዘረዝሩታል። ተማሪውም ዝርዝሩን ያጠናል፣ በፈተና ይመልሳል፣ ይረሳል። ማገዶው ግን እቤቱ ነው። ኩበት የሚጠፈጥፉት፣ ከሰል የሚገዙት፣ ጭራሮ የሚለቅሙት ብዙ ጊዜ እነዚሁ ተማሪዎች ናቸው። በክፍሉና በኩሽናው መካከል ድልድይ መሆን የነበረባቸው ሳይንስና ሒሳብ ናቸው፤ ያ ድልድይ እስካሁን በቅጡ አልተሠራም።

የሁለቱ ትምህርቶች ይዞታ ሁሉም የሚያውቀው ነው። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት በጀመረበት በ2014 የትምህርት ዘመን ከተፈታኞቹ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በቀጣዩ ዓመት 3.2፣ በ2016 ደግሞ 5.4 በመቶ ሆነ። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ አንዱ ግን ሳይንስ የሚታይ እንጂ የሚነካ ነገር ሳይሆን መቆየቱ ነው። በ1997 ዓ.ም. ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የገባው የፕላዝማ ትምህርት ለብዙ ልጆች የመጀመሪያውን ቤተ ሙከራ ቢያሳያቸውም፣ ብርጭቆውን የያዘው እጅ ሁልጊዜ የሌላ ሰው ነበር።

ነዳጅን ለማስተማር የሚያስፈልገው ዕቃ ግን ከኩሽና ብዙ አይርቅም። ሚዛን፣ ቴርሞሜትር፣ ድስትና ሦስት ጉልቻ ይበቃል። አንድ ሊትር ውኃ ይጣድ። መጽሐፉ ውኃ በ100 ዲግሪ ይፈላል ይላል፤ አዲስ አበባ ላይ ግን ቴርሞሜትሩ 92 አካባቢ ደርሶ ይቆማል፣ ውኃውም ይንተከተካል። ሳይንስ እዚህ ላይ ይጀምራል። ከባሕር ጠለል በላይ በ2,300 ሜትር የአየሩ ግፊት ለምን አነስተኛ እንደሆነ፣ ባቄላ ደጋ ላይ ለምን ቶሎ እንደማይበስል ተማሪው ማንም ሳይነግረው ይጠይቃል።

ቀጥሎ ሒሳቡ ነው። ውኃው ከ20 ዲግሪ ተነሥቶ 92 ሲደርስ የተቀበለው ሙቀት 300 ኪሎ ጁል ያህል ነው። የነደደው እንጨት ተመዝኖ 125 ግራም ቢሆን፣ ደረቅ እንጨት በኪሎ 16,000 ኪሎ ጁል ገደማ ስለሚይዝ 2,000 ኪሎ ጁል ወጥቷል ማለት ነው። 300 ለ2,000 ሲካፈል 15 በመቶ። ቀሪው 85 በመቶ ጭስ፣ ነፋስና የቤቱ ግድግዳ ወስዶታል። እንጀራ ስትጋግር የእናቱ ዓይን ለምን እንደሚያለቅስ፣ ምርት የተባለው ምድጃ የእንጀራን ማገዶ እስከ ግማሽ እንዲቀንስ ተደርጎ ለምን እንደተሠራ፣ ይህን ስሌት በእጁ የሠራ ልጅ ስብከት ሳያስፈልገው ይገባዋል።

ኤታኖልን ለማስረዳትም ሩቅ መሄድ አያሻም። አርሲ ነገሌ በአረቄዋ ትታወቃለች፤ ሴቶቿ የሚሠሩት ጥሩ ኬሚስትሪ ነው። ከስኳሩ አልኮል ይጠመቃል፤ ከዚያም አልኮሉ ከውኃው ቀድሞ ስለሚተን በቱቦ ይለያል። በወረቀት ሲሰላ 180 ግራም ግሉኮስ 92 ግራም አልኮልና 88 ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል። ክብደቱ በግማሽ ያህል ቀነሰ። ኃይሉስ? ግሉኮሱ ሲቃጠል 2,800 ኪሎ ጁል ያህል ይሰጣል፤ አልኮሉም ከ2,700 በላይ ይሰጣል። ግማሹ ክብደት በአየር ሲሄድ ኃይሉ ብዙም ሳይጎድል መቅረቱ፣ እርሾ ለምን የነዳጅ ፋብሪካ ሊባል እንደሚችል በሁለት መስመር ያሳያል።

እዚያው ላይ ግን የማይመቸው ጥያቄ ይነሣል። አንድ ሊትር አረቄ አርባ በመቶው አልኮል ቢሆን የያዘው ኃይል ከግማሽ ኪሎ ደረቅ እንጨት ብዙም አይበልጥም። በግማሽ ኪሎ እንጨት ጠምቃና አጣርታ አንድ ሊትር አረቄ የምታወጣ ሴት የለችም። በነዳጅ ዓይን ከታየ ሥራው ኪሳራ ነው፤ የአካባቢው ደን የሚያውቀው ኪሳራ። የፊንጫው ስኳር ፋብሪካ ኤታኖል በዚህ ይለያል፤ የሚሠራው ስኳሩ ከወጣለት በኋላ ከሚቀረው ሞላሰስ ነው፣ እንፋሎቱንም የሚያፈላው የተጨመቀው የአገዳ ገለባ ነው። ነዳጅ ለማምረት ስንት ነዳጅ ፈጀ የሚለው ጥያቄ የአማራጭ ነዳጅ ትምህርት ሁሉ እምብርት ነው። አንድ ተማሪ ከአሥራ ሁለት ዓመት ትምህርት ይህን አንድ ጥያቄ ይዞ ቢወጣ እንኳ ትልቅ ነገር ነው።

ፊንጫ በዓመት 8 ሚሊዮን ሊትር ያህል የማምረት አቅም ይዞ አዲስ አበባ በ2001 ዓ.ም. ቤንዚንን ከ5 በመቶ ኤታኖል ጋር መቀላቀል ጀመረች፤ በ2003 ድርሻው ወደ 10 በመቶ ከፍ አለ። አንድ ሊትር ቤንዚን 32፣ አንድ ሊትር ኤታኖል 21 ሜጋ ጁል ገደማ ይይዛሉ። የድብልቁን አማካይ ማውጣት የ8ኛ ክፍል ሒሳብ ነው፤ 40 ሊትር የሞላ ባለታክሲ በኃይል ሲመዘን ከ1.3 ሊትር በላይ እንደጎደለበት ያሳያል። ለአገሪቱ ግን ከውጭ በዶላር ከሚገዛው ቤንዚን ከአሥር ሊትር አንዱ ይቀርላት ነበር። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ ሁለቱንም በአንድ ሰሌዳ ላይ አስቀምጦ መከራከር የሚችል ትውልድ ነው የሚፈለገው። አቅርቦቱ ሲቆራረጥ ድብልቁም ተቆራረጠ።

ሒሳብ አለመሥራት ምን ያህል እንደሚያስከፍል ያሳየው ጃትሮፋ ነው። በ2000 ዓ.ም. መባቻ የወጣው የባዮ ነዳጅ ስትራቴጂ ለናፍጣ ምትክ ዘይት ለሚሰጡ ተክሎች የሚመች 23 ሚሊዮን ሄክታር መሬት አለ ብሎ ነበር። የአገሪቱ ስፋት 110 ሚሊዮን ሄክታር ገደማ ነው። አንድ አምስተኛው! ያን ጊዜ ገበሬው በእህል ከሚሸፍነው መሬት እጥፍ ገደማ ማለት ነው። ያ ሁሉ መሬት ባዶ ነው ወይ፣ ማን ያግጥበታል፣ ዝናቡስ ስንት ነው ብሎ ለመጠየቅ የዶክትሬት ዲግሪ አያስፈልግም፤ ካርታና ማካፈል ይበቃል። በምሥራቅ ሐረርጌ ፈዲስ ለሌላው የዘይት ተክል ለጉሎ እርሻ የተሰጠው መሬት ከባቢሌ የዝሆኖች መጠለያ ጋር ተደራርቧል ተብሎ ብርቱ ውዝግብ አስነሣ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የዚያ ዘመን ተስፋ አብዛኛው በወረቀት ቀረ።

የባዮጋዙ ነገር የበለጠ ያስተምራል፤ ምክንያቱም በብዙ ቤት በእርግጥ ሠርቷል። ብሔራዊ ፕሮግራሙ በመጀመሪያው ምዕራፍ፣ በአምስት ዓመት 14,000 ማብላያዎች ለመሥራት አቅዶ ወደ 8,000 ገደማ አደረሰ። ተማሪ እንዲህ ሊያሰላው ይችላል። በረት የምታድር አንዲት ከብት በቀን 10 ኪሎ ያህል እበት ትሰጣለች፤ ከአራት ከብት 40 ኪሎ ይሆናል። ከአንድ ኪሎ እበት 40 ሊትር ጋዝ ቢገኝ 1,600 ሊትር ነው። አንድ ምድጃ በሰዓት 400 ሊትር ያህል ስለሚያነድድ አራት ሰዓት ያበስላል። ወጡ፣ ቡናው፣ ሻዩ ተሟላ።

ነገር ግን እበቱ በእኩል ውኃ መበጥበጥ አለበት። በቀን 40 ሊትር፣ ሁለት ጀሪካን። ማን ይሸከመዋል? ወንዙ ግማሽ ሰዓት ቢርቅ የእንጨት ሸክም የቀነሰላት ልጅ የውኃ ሸክም ተጨመረባት ማለት ነው። ደግሞም ተራው የጋዝ ምድጃ ምጣድ አያግልም፤ የቤት ማገዶን ትልቁን ድርሻ የሚበላው ደግሞ እንጀራ ነው። ባክቴሪያዎቹ 35 ዲግሪ አካባቢ ይወዳሉ፤ የደብረ ብርሃን ብርድ ሥራቸውን ያዘገየዋል። ባዮሎጂው፣ ሒሳቡና የቤተሰቡ የሥራ ክፍፍል በአንድ ችግር ላይ የሚገናኙት እንዲህ ነው። ለዚህ ጥያቄ ከገጠር ልጅ የተሻለ ባለሙያ የለም፤ መረጃው በሙሉ እጁ ላይ ነው።

ጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ መኪኖች ከእንግዲህ ወደ አገር እንደማይገቡ ሲያስታውቅ ጉዳዩ ከገጠር በረት ወደ ከተማ ጎዳና ወጣ። አንድ ሊትር ቤንዚን ወደ 9 ኪሎ ዋት ሰዓት ኃይል አለው። 100 ኪሎ ሜትር በ7 ሊትር የምትሄድ ትንሽ መኪና 63 ኪሎ ዋት ሰዓት ትፈጃለች፤ የኤሌክትሪኳ አቻ 15 ገደማ ይበቃታል። ልዩነቱ የሞተሩ ነው፤ ቤንዚኑ ከሚሰጠው ኃይል አብዛኛው በሙቀት መልክ ይባክናል። ኤሌክትሪኩ ከሞላ ጎደል ሁሉም ከውኃ ኃይል ስለሚመነጭ ስሌቱ ለኢትዮጵያ ከብዙ አገሮች ይልቅ ያማረ ነው።

ያማረ መሆኑ ግን ማስላቱን አያስቀርም። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ያህል ይስባል። በዓውደ ዓመት ዋዜማ አንድ ሚሊዮን ምጣድ በአንድ ጊዜ ቢሰካ 3,500 ሜጋ ዋት ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 የተመረቀው ታላቁ የህዳሴ ግድብ በሙሉ አቅሙ 5,150 ሜጋ ዋት ያመነጫል። መኪናው በዚያው ማታ ቻርጅ ቢደረግስ? ሽቦውና ትራንስፎርመሩስ ይችለዋል? የሰፈሩ መብራት በዋዜማ ለምን እንደሚጠፋ ለሚጠይቅ ልጅ መልሱ ማባዛት ውስጥ አለ።

እንዲህ ያለ ትምህርት እንዳይስፋፋ የያዘው የገንዘብ እጥረት ብቻ አይደለም፤ ሚዛንና ቴርሞሜትር ውድ አይደሉም። አንደኛው ማነቆ የመምህሩ ሥልጠና ነው፤ ራሱ መዝኖ ያልተማረ መምህር እንጨት አስመዝኑ ቢባል ይቸገራል። የሒሳብ መምህሩና የኬሚስትሪ መምህሩም አንድ ችግር ይዘው አብረው ክፍል የሚገቡበት ሰዓት የለም። ከሁሉ የከበደው ግን ፈተናው ነው። ብሔራዊው ፈተና ከአራት ምርጫ አንዱን እስካስጠቆረ ድረስ የትምህርት ዓመቱ በሙሉ ለማጥቆር መዘጋጃ ይሆናል፤ መምህሩንም መውቀስ አይቻልም።

ምርጫው ባይቀር እንኳ ጥያቄው ሊለወጥ ይችላል። የታዳሽ ኃይል ምሳሌ የትኛው ነው ከሚለው ይልቅ፣ አራት ከብት ያለው፣ ውኃ ግማሽ ሰዓት የሚርቅበትና በሳምንት ሁለት ጊዜ እንጀራ የሚጋግር ቤተሰብ ይሰጥ፤ የእንጨት፣ የከሰልና የጀሪካን መጠን በሠንጠረዥ ይቅረብ፤ ማብላያው ይሠራ ወይስ አይሠራ ተብሎ ይጠየቅ።